ያልተሰማ ትእዛዝ

"ቁ…" አለ። "ቁ… ቁ…"

ቃሉ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ አልወጣ አለ። ከጎኑ የሥራ ጓደኛው ትጮኻለች፤ የመተኮሻው ጥቅል ብረት የሹራቧን እጅጌ ከእርጥቡ አንሶላ ጋር ጎርሶ እጇን አስከትሎ እየሳበ ነው። ጆሮው ላይ የተገጠመው ማዳመጫ በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፁ፣ "ትእዛዝዎ አልተሰማም፤ እባክዎ ይድገሙት" አለው። ደገመው። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። "ቁ… ቁ…"

"ትእዛዝዎ አልተሰማም።"

የሚፈለገው "ቁም" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ሁለት ፊደል።

ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ጣለና ሮጠ። ዋናው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ያለው ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ግድግዳው ላይ ነው። የብረት ሳጥኑን ከፍቶ እጀታውን በሁለት እጁ ቁልቁል ሲስበው በአዳራሹ ያለው ማሽን ሁሉ በአንዴ ጸጥ አለ። የቀረው የእሷ ጩኸት ብቻ ነበር።

ጥቅል ብረቱን ሦስት ሰዎች በእጅ አዙረው አስለቀቋት። መዳፏ ተልጧል፤ ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ የሰው ጣት አይመስሉም። ደግፈው ወደ መኪናው ሲወስዷት ፊቷ እንደ አንሶላው ነጥቶ ነበር። እንደዚያም ሆና በሩ ላይ ዞር አለችና "እሱን ምንም እንዳትሉት" አለቻቸው።

ላውንደሪው የሦስት ሆስፒታልና የሁለት ሆቴል አንሶላና ፎጣ ያጥባል። እሱ እዚያ ሲሠራ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ አሥራ አንዱን ከእሷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ እያንዳንዳቸው የአንሶላውን አንድ አንድ ጫፍ ይዘው ለመተኮሻው ሲያጎርሱ ነው ያሳለፈው። እሷን "ሬዲዮ" ይሏታል፤ ጠዋት ከተከፈተች ፈረቃው እስኪያልቅ የሚዘጋት የለም። እሱን ደግሞ ቃል የሚቆጥብ ነው ብለው "ቆጣቢው" ብለውታል። ችግሩ፣ ያወጡለትን ስም ራሱ ሊጠራው አይችልም።

ከልጅነቱ ጀምሮ ምላሱ ይያዛል። ሌላው ፊደል ቢያስቸግረውም ተለማምጦ ያልፈዋል፤ የ"ቀ" ቤት ግን የለየለት ጠላቱ ነው። ከ"ቀ" እስከ "ቆ" ሰባቱም ወንድማማች በር ላይ ተሰልፈው አያሳልፉትም። ስለዚህ ዞሮ መሄድ ለምዷል። ቅዳሜን "የእሁድ ዋዜማ"፣ ቁልፍን "መክፈቻ"፣ ቀይን "የደም መልክ" ይላል። ዙሪያ ጥምጥሙ ሁሉ ያላዋጣው እንደሆነ ዓይኑን ወደ ሬዲዮ ያዞራል፤ እሷም የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ተቀብላ ትጨርስለታለች። ብዙ ጊዜ ያሰበውን ነው የምትለው። አንዳንዴ ያላሰበውን ትላለች፤ ያኔም ከመታገል ይሻላል ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ከሦስት ወር በፊት ድረስ ከመተኮሻው በላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ገመድ ነበር። ማንም በየትኛውም በኩል ጎተት ካደረገው ማሽኑ ይቆማል። አዲሱ ዲጂታል ሥርዓት ሲመጣ ገመዱ ተነሣ፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ማዳመጫ ተሰጠ። ማዳመጫው ሥራ ያዛል፣ ፍጥነት ይመዘግባል፣ "ጀምር" እና "ቁም" ሲባል ይታዘዛል። እጃችሁ ነፃ ይሆናል ተባሉ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሥርዓቱን የምትሠራው ወጣት መሐንዲስ የሠራተኛውን ሐሳብ ልትሰበስብ መጥታ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አፋቸው የተፈታ አምስት ሰዎች መርጦ አቀረበላት። ሬዲዮ የመጀመሪያዋ ነበረች። እሱ በዚያ ቀን የሳሙና በርሜል እንዲያራግፍ ወደ መጋዘን ተላከ።

ማዳመጫው ከገባ በኋላ ሁለቱ የራሳቸውን መላ ዘየዱ። ማቆም ሲያስፈልግ እሱ እጁን ያነሣል፣ እሷ "ቁም" ትላለች። ሦስት ወር ሙሉ ማንም አላወቀባቸውም። ዛሬ ግን እሷ የወደቀ ጫፍ ልታነሣ ጎንበስ ስትል ማዳመጫው ከራሷ ላይ ሾልኮ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው ብረቱ እጅጌዋን የያዘው። የጮኸችውን ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶታል፤ ወለል ላይ የተደፋው ማዳመጫ ግን አልሰማም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የአንዱ ሠራተኛ ጣሪያ በነፋስ ሲወሰድ በራሱ መኪና ቆርቆሮ ጭኖ የሄደ ሰው ነው። ዛሬ ግን ክራቫቱን አላልቶ፣ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ከፊቱ ሁለት ወረቀት ዘርግቷል።

"ተቀመጥ" አለው። "ይሄ ከኮምፒዩተሩ የወጣ ነው።"

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል። 4፡41፡07፣ ያልታወቀ ድምፅ። የማቆሚያ ትእዛዝ፦ አልተሰጠም። የሁለተኛዋ ኦፕሬተር ማዳመጫ፦ ከራስ ላይ ወርዷል። 4፡41፡16፣ ኃይል ተቋረጠ።

ሌላው ወረቀት የምስክር ቃል ነበር። ተጎጂዋ የተሰጣትን የደህንነት መሣሪያ ሳታደርግ ስትሠራ አደጋው መድረሱን አይቻለሁ ይላል። ስሙ ከታች ታትሟል፤ የጎደለው ፊርማ ነው።

"እ… እኔ…" አለ።

"ውሸት ፈርም አላልኩህም" አለ ሥራ አስኪያጁ ሳያስጨርሰው። "ማዳመጫው ራሷ ላይ ነበር? አልነበረም። ያየኸውን ነው የምትፈርመው። ኢንሹራንሱ ነገ እኩለ ቀን ላይ ይህን ይፈልጋል። ሆስፒታሎቹ ደግሞ ከጠዋት ጀምረው እየደወሉ ነው፤ የሰባ ሰው ሥራ በዚህ ወረቀት ላይ ነው ያለው።"

እሱ ወረቀቱን አየ እንጂ እስክሪብቶውን አላነሣም።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላም ነገር አለ፤ አታስወራኝ። የሚናገር ሰው የሚፈልግ ቦታ ላይ አንተን ለምን አቆምክ ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። ነገሩ ከተቆፈረ መጀመሪያ የሚወጣው ያንተ ጉዳይ ነው። ይገባሃል አይደል?"

ገብቶታል። ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ቀስሮ የነገውን ቀን ነካ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "እሺ፣ ነገ ሦስት ሰዓት። ከዚያ አያልፍም።"

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ሬዲዮ ግራ እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ከፍ ብሏል። ትልቋ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ሲገባ ሬዲዮ በደህናው እጇ የአልጋውን አንሶላ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችለት።

"ይሄን የተኮስነው እኔና አንተ ነን፤ ጫፉ ጠማማ ነው፣ ባንተ በኩል ያለው" አለችና ልትስቅ ሞክራ ሕመሙ አቆማት።

አንደኛዋ ጣት እንደማትተርፍ ሐኪሞቹ ነግረዋታል። እሱ ስለ ወረቀቱ እየተያዘ፣ እየዘለለ፣ እየዞረ ነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ልጇን ውኃ አምጪ ብላ ላከቻት።

"አንድ ነገር ልንገርህ ወንድሜ፣ አትቆጣኝ" አለች። "ያቺ መሐንዲስ ልጅ ያን ጊዜ አምስታችንን ሰብስባ፣ 'ይህ ነገር የሚከብደው ሠራተኛ ይኖራል ወይ?' ብላ ጠይቃን ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ አየ። እኔም 'ማንም የለም' አልኳት።"

እሱ የተጠቀለለውን እጇን አየ።

"ስምህን ብጠራ ያባርሩታል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ እኔ እያለሁ ምን ይጎድልበታል አልኩ። በራሴ ላይ ነው የፈረድኩት።" ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች። "ፈርም። የኔ ጣት ብትፈርምም ባትፈርምም አይመለስም። ሁለታችንም ከሥራ ውጪ ሆነን ለማን እንበጃለን?"

አልተቆጣትም። ውስጡ ግን አንድ ነገር ሰመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ስለ እሱ ስትናገር ኖራ፣ መናገር ባለባት ቀን ስለ እሱ ብላ ዝም አለች። ከክፋት ቢሆን ቂም ይዞ ይገላገል ነበር፤ የሆነው ግን ከፍቅር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ቂም አይያዝም።

ልጇ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። ከበሩ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

"ጋሼ፣ እማዬ ያለችውን እንዳይሰሟት" አለችው። "በራሷ ጥፋት ነው ከተባለ ካሳ ቀርቶ የሕክምናውንም አይከፍሉም። እውነት አውልቃው ነው?"

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ታዲያ ለምን አይናገሩም?"

አፉን ከፈተ። ልጅቷም እንደማንኛውም ጨዋ ሰው፣ እስኪያልፍለት ድረስ ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች። እሱ ያን ሲያይ አፉን መልሶ ዘጋ።

እቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነበር። ከእሷ ጋር ሲሆን ምላሱ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይፈታል፤ እሷ አትቸኩልም፣ ዓይኗንም አታሸሽም። ሁሉንም ሲነግራት የደረቀውን ልብስ እያጣጠፈች አዳመጠችው።

"ሥራህን ብታጣ ይከብደናል፤ አይከብደንም ብዬ አልዋሽህም" አለች በመጨረሻ። "ብትፈርም ደግሞ ያቺን ሴት መንገድ ላይ ባገኘሃት ቁጥር በየት በኩል ልትዞር ነው? አሁንስ ለቃሉ ነው የምትዞረው፤ ለሰውም ስትዞር ልትኖር ነው?"

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሦስት ሰዎች ጠበቁት፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የፈረቃ ኃላፊውና ስለ አደጋው ሰምታ የመጣችው መሐንዲስ። መሐንዲሷ ላፕቶፕዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት አለ። ሲገባ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጨበጠችው።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገ። እስክሪብቶው ላዩ ላይ ነው።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች መሐንዲሷ። "እዚህ መዝገቡ ላይ 'ያልታወቀ ድምፅ' ይላል። ዘጠኝ ሰከንድ የፈጀ። እሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?"

"ጩኸቷ ነዋ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የእሷ ማዳመጫ ወለል ላይ ነበር። ይሄ የመጣው ከእሳቸው ማዳመጫ ነው።" ወደ እሱ ዞረች። "ማሽኑ ያልገባውን ድምፅ አይጥለውም፤ በኋላ እንድንማርበት አንድ ሳምንት ያስቀምጠዋል። እኔ ግን አልከፈትኩትም። የሠራተኛ ድምፅ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይከፈትም። እርስዎ አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው፤ ምክንያትም አልጠይቅዎትም።"

"ምን ያደርጋል?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ሰውዬውን በሰው ፊት ማሳቀቅ ካልሆነ ምን ያደርጋል? እኔ ለራሱ ብዬ ነው።"

እውነትም ለእሱ አስቦ ነበር። እሱ በሕይወቱ የራሱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ዘመድ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት አስቀምጥ ሲለው ይዘጋበታል። ገና ተማሪ ሳለ አንድ መምህር በቴፕ ቀድቶ ለክፍሉ ሊያሰማው ሲል በመስኮት ዘሎ አምልጦ ነበር። አሁንም መስኮቱን አየው፤ ሰፊ ነው፣ ደግሞም ምድር ቤት ናቸው። ወረቀቱን አየ፣ እስክሪብቶውን አየ። አንዲት ፊርማ ናት፤ ከዚያ ወጥቶ መሄድ ነው።

ተነሣ። ወደ ላፕቶፑ ሄደና ጎንበስ ብሎ የትኛውን እንደሚጫን በዓይኑ ጠየቃት። አሳየችው። ራሱ ተጫነው።

መጀመሪያ የማሽኑ ጉርምርምታ ወጣ። ከዚያ "ቁ…" የሚል፣ የታነቀ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ። ከበስተጀርባው የሬዲዮ ጩኸት። "ቁ… ቁ…" በመሐል ያች ለስላሳ ድምፅ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ተረጋግታ፣ እባክዎ ይድገሙት አለች። የፈረቃ ኃላፊው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋ። "በቃ፣ ገብቶናል፣ ዝጊው።"

እሱ የላፕቶፑን ክዳን በመዳፉ ያዘ።

"ይ… ይሰማ" አለ። "እስከ መ… መጨረሻው።"

ዘጠኝ ሰከንድ እንደዚያ ይረዝማል ብሎ ማንም አላሰበም። መጨረሻ ላይ ማዳመጫው ወለሉን ሲመታ ጓ አለ፤ ቀጥሎ የሩጫ ኮቴ፤ ከዚያ ዝምታ።

መሐንዲሷ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋች። "እኔ እኮ ሠራተኛውን ላነጋግር መጥቼ ነበር" አለች ቆይታ። "ያን ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?"

"መ… መጋዘን" አለ።

ማን እንደላከው አልጨመረም። ሥራ አስኪያጁ ግን ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"አምስት ሰው አነጋግሬ፣ የሁሉም ሠራተኛ ሐሳብ ተካቷል ብዬ ጽፌያለሁ" አለች። "አምስቱን ማን መረጣቸው ብዬም አልጠየቅኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እንደዚሁ ብዬ እጽፈዋለሁ።"

የምስክሩ ወረቀት ሳይፈረም ቀረ። በምትኩ ሌላ ሪፖርት ተጻፈ። ሬዲዮ ትንሿን ጣቷን አጣች፤ የቀለበት ጣቷ ተርፋ እንደታጠፈች ቀረች። ካሳዋ ተከፈላት፤ "አሁን ቀለበቴን የሚሰርቀኝ የለም፣ አይወጣም" እያለች ጠያቂዎቿን ታስቅ ነበር። መተኮሻው ስድስት ቀን ቆመ። ሆስፒታሎቹ ተቆጡ፣ አንደኛው ውሉን አቋረጠ፤ ሠራተኛው በየጥጉ ይንሾካሾክ ጀመር። "ቆጣቢው ባይለፈልፍ ኖሮ" ያሉም ነበሩ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለፍላፊ ሲባል የመጀመሪያው ነው።

መሐንዲሷ በእነዚያ ቀናት ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠችም። ቱታ ለብሳ፣ በጠፋው መተኮሻ ፊት በሬዲዮ ቦታ ቆማ አንሶላ የማጉረስ ልምምድ ታደርጋለች፤ እሱ ደግሞ ያሳያታል። ማቆሚያው በእግር ወይም በጉልበት እንዲመታ፣ እጅ ሲያዝ የትኛው እግር ነፃ እንደሚሆን፣ ጉልበት ምን ላይ እንደሚደርስ አሳያት። አንድ ቀን ሳትጠይቀው እጇን ይዞ ወደ ልብስ መለያው ክፍል ወሰዳት፤ የስክሪኑ ጽሑፍ ስላነሰባቸው በግምት ከሚጫኑት እናት ጋር አገናኛት። ሌላ ቀን ከሩቅ አገር የመጣውን አዲሱን ሠራተኛ አመጣላት፤ አነጋገሩ የተለየ ስለሆነ ማዳመጫውን "ጀምር" ሲለው አይጀምርለትም። ሰውዬው ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ያሾፉብኛል ብሎ። መሐንዲሷ ማስታወሻ ደብተሯን ጨርሳ በካርቶን ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች።

በሰባተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ እሱንና መሐንዲሷን ጠራቸው። ሐሙስ የላውንደሪው ባለቤቶች ሊመጡ ነው፤ አዲሱ አሠራር ምን መሆን እንዳለበት ከሠራተኛው ወገን አንድ ሰው ቆሞ ያስረዳል። ጠረጴዛው ላይ የስብሰባው መርሐ ግብር አለ። የመሐንዲሷ ተራ፣ የሒሳብ ሹሙ ተራ፣ ከዚያ "የሠራተኞች ተወካይ" ይልና ፊት ለፊቱ ባዶ መስመር።

"አንተ ጽፈህ ስጣት፣ ጸሐፊዋ ታነብልሃለች" አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ ውስጥ ተንኮል አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያናግረው ዓይኑን ማሳረፊያ ያጣል። "እሷ ጥሩ አንባቢ ናት። አንተም አትጨናነቅም፣ እነሱም ቶሎ ይገባቸዋል። ሰዎቹ ደግሞ ትዕግሥት የላቸውም፤ ስንት ነገር ተሸክመው ነው የሚመጡት።"

መሐንዲሷ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። እሱን ማየት ያዘች።

እሱ መርሐ ግብሩን ወደ ራሱ ሳበው። ከሥራ አስኪያጁ ፊት እስክሪብቶውን አነሣ። በባዶው መስመር ላይ ስሙን፣ እስከ አያቱ፣ ሳይቸኩል ጻፈ። ከስሙ ትይዩ "የተመደበ ጊዜ፦ 5 ደቂቃ" ይላል። እስክሪብቶውን አንሥቶ ትንሽ አሰበ።

ከዚያ ከ5 ፊት 1 ጨመረበት።